በደህና እግሬ ላይ የታሰረ ጀሶ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 14፣ 1979

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ልጄ ኔልዳ ናት። የምለውን እንዳለ እንድታሰፍር ነግሬያታለሁ፣ ማሳመር የለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ከአባቴ ጋር ግንድ ስጎትት ነው ያደግኩት። የማላፍርበት ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስሜ በርል ስቲደም ነው፤ ቴነሲ ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚያውቀኝ ከጎረቤቶቼ በቀር የለም። ሬስሊንግ የሚባለውን የሪንግ ትግል የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በርል ካልደር ብሎ ነው። የካልደር ወንድማማቾች ታላቁ እኔ ነኝ።

ታናሹ ቬርን ነው። ወንድሜ አይደለም። ከኦሃዮ የመጣ የብረት ሠራተኛ ልጅ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የትግል ኩባንያው ባለቤት ሽማግሌው ታኬት ሁለታችንን አንድ ክፍል አስገብቶ ከዛሬ ጀምሮ ወንድማማቾች ናችሁ አለን። አረንጓዴ ጃኬት አለበሰን፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን ስንቀዳም፣ ምግብ ቤት ስንገባም፣ ሰው ባለበት ሁሉ ወንድማማቾች ነን። እናቴ የሞተች ጊዜ ቬርን ከቤተሰቡ ጋር ፊት ተቀምጦ አለቀሰ። ያን ቀን ያለቀሰው የምሩን ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከሽማግሌው ጋር ተጣልተን ሁለታችንም ኩባንያውን ጥለን ወጣን። እኔ ወደ እንጨት መሰንጠቂያው ተመለስኩ፤ ቬርን የጭነት መኪና ያዘ። አሁን ሽማግሌው ሞቷል። ልጁ ዳዋይት ነው የያዘው፤ አዳራሾቹም ግማሽ ባዶ ናቸው ይባላል። እና ባለፈው ሐሙስ ቬርን መጣ። የኔልዳን ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ሁለት ሳህን በላና አፉን ጠርጎ፣ ይፈልጉናል አለኝ። ሁለታችንን፣ አንድ ላይ።

ትናንት ወደ ዳዋይት ቢሮ ሄድን። አባትየው ያሠራን የነበረው እጅ በመጨባበጥ ነው። ልጁ የውል ወረቀት አለው። ጋሽ በርል አንብበው ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። መነጽሬን ቤት ረሳሁ አልኩ። ቬርን ነገሩን ያውቃል፣ መኪና ውስጥ አነብለታለሁ ብሎ ይዞኝ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አነበበልኝ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተፋና ከስድስተኛው ቀጠለ። ደህና ወረቀት ነው። ፈረምኩ።

እጄ የሚጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1950 ክረምት ሆቴል ተቀምጠን በረዶ ሲያግተን፣ ቬርን ፊርማ የሚለምኑ ሰዎች ፊት እንዳላፍር ብሎ በርል ካልደር የሚለውን አስጠናኝ። ወረቀቱ ላይም ያንኑ ሣልኩ።

ኔልዳ ወረቀቱ የታለ አለችኝ። ቬርን ጋ ነው አልኳት። መጻፏን አቆመች። ምን ሆንሽ ብላት ብዕሩ አልጽፍ ብሎ ነው አለች።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17

እስከ ውኃው ታንከር ሮጬ ተመለስኩ። መመለሻውን ሮጥኩ ማለት ይከብዳል። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ኔልዳ ለሸሚዝ ፋብሪካው እየረፈደባት ነው፤ ይብቃ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 23

ትናንት ማርበሪ አዳራሽ ገባን። ሰዉ ከወንበሩ ተነሣ። ይህን ጻፊ፤ ከወንበሩ ተነሣ። የማውቃቸው ሴቶች፣ ያኔ ልጃገረድ የነበሩት፣ የልጅ ልጅ ታቅፈው ያለቅሳሉ።

ጃኬቱ ሆዴ ላይ አልዘጋ ብሎኝ ቬርን በመርፌ ቁልፍ ያዘልኝ። ወፍረሃል ወንድሜ፣ የሚቀጥለው ሰኞ በክሬን ነው የማነሣህ አለኝ። አንተም ከስተሃል፣ ዳኛው ገመድ መስሎት እንዳይደገፍብህ አልኩት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል በሳቅ ሞላ። ወጣቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጨበጡኝ፤ እንደ ሙያችን ወግ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ለስለስ አድርገው። ጠንክሮ የሚጨብጥ የእኛ ሰው አይደለም። ሰውነትህን አሳልፈህ ለምትሰጠው ሰው እጄ አይጎዳህም የምትለው እንደዚያ ነው። ሮድኒ ፕሩዊት የሚባለው ጠጉረ ረጅም ወጣት፣ አባቴ እርስዎን ለማየት በትከሻው ተሸክሞ ያመጣኝ ነበር አለኝ። ወደድኩት።

ቬርን ከገመድ በላይ ተጋጣሚዎቻችን ላይ ሲወረውረኝ መዳፉ ማጅራቴ ሥር ነበረ። አሥራ አንድ ዓመት አልፎም መዳፉ ቦታውን አልረሳም።

ስንወጣ ዳዋይት ኮሪደር ላይ ለአንድ ሰው፣ ለትልቁ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል ሲል ሰማሁ። ምን ማለቱ ነው ብዬ ቬርንን ጠየቅኩት። ስለ አዳራሹ ምድጃ ነው አለኝ። እውነትም ትልቁ ምድጃ ይጨሳል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 4

ዳዋይት ቢሮው አስጠርቶን ነበር። የተነጋገርነውን እዚህ አልናገርም። ሙያችን ቤት የማይገባ ነገር አለው፤ ኔልዳም አትጠይቀኝ።

የምናገረው ይህን ብቻ ነው። የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ኤፕሪል 16፣ ማርበሪ ላይ የመጨረሻ ግጥሚያዬ ነው። ከዚያ በኋላ ሪንጉ መሐል ቆሜ ጃኬቱን በገዛ እጄ አወልቃለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ካልደር የሚለውን ስም ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ የማስቀምጠውም እኔ ልሁን፣ የሚያውቀኝ ሰው ፊት። ያኔ ከሽማግሌው ጋር ተጣልቼ ስወጣ በጓሮ በር ነበር የወጣሁት። ያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ አለ።

ዳዋይት በአባቴ መቃብር ብሎ ቃል ሰጠኝ። ቬርን ጫማውን ያይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

ኔልዳ ዛሬ ከሥራ ቀርታለች። ቁጭ በይና ጻፊ። ለእናትሽ እንኳ አብረን በኖርንበት ሃያ ስድስት ዓመት ያልነገርኩትን ነው የምነግርሽ። ዛሬም የምነግርሽ የምታጥቢኝና የምታለብሺኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው።

ሪንግ ውስጥ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቃል። ሕመሙ ውሸት አይደለም፣ ወለሉም እንጨት ነው፣ የተሰበሩት ጥርሶችም የእኔ ነበሩ። ግን የሚወድቀው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚወድቅ ተነጋግረን ነው የምንገባው። ይህን ምስጢር ለውጭ ሰው የሚያወጣ ከእኛ መሐል ይባረራል። ሕዝቡን እንዋሻለን። እርስ በርሳችን ግን አንዋሽም፤ ከአየር ላይ የሚቀልብህን ሰው ዋሽተህ አንድ ሳምንትም በሕይወት አትቆይም።

ለትናንት የተባባልነው ይህ ነበር። ቬርን ይከዳኛል። በብረት ወንበር ይመታኛል፣ እግሬን ወንበሩ ውስጥ አስገብቶ ከገመድ ላይ ይዘልበታል፣ እግሬ ይሰበራል። ስምንት ሳምንት ቤት እተኛለሁ። ሕዝቡ በንዴት ይበስላል። የፋሲካ ማግስት ተመልሼ እበቀለዋለሁ፣ ከዚያ ጃኬቴን አወልቃለሁ።

እንደተባለው ሆነ። እግሬ ደህና ነው። የዳዋይት ወዳጅ የሆነ ሐኪም ግን ከጣቴ እስከ ጭኔ በጀሶ ገነዘኝ። ሪንግ ውስጥ የተጎዳ ሰው ቤቱም የተጎዳ ነው፤ ሕጋችን ነው። ያለ ክራንች ደጅ አልወጣም፣ መኪና አልነዳም። ቬርንም እዚህ ቤት ድርሽ አይልም። የተጣሉ ሁለት ሰዎች አብረው ከታዩ ሥራው አበቃለት።

ይህን ሁሉ ነግሬያት ኔልዳን ቀና ብዬ ባያት፣ አልደነገጠችም።

“አባዬ፣ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ” አለችኝ። “ጓሮ ውስጥ ከቬርን ጋር ስትለማመዱ በመስኮት አይ ነበር።”

“እናትሽስ?”

“እማዬማ ሳትጋቡ ነው ያወቀችው። ስለኮራህበት ዝም አለችህ።”

ይህን አትጻፊው አልኳት። የምለውን እንዳለ ጻፊ ብለኸኛል አለችኝና ጻፈችው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቬርን ሊዘል ሲል ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ይቅር በለኝ በርል አለኝ። ሪንግ ውስጥ የምንባባለው ያዝ፣ ልቀቅ፣ አሁን፣ ይኸው ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ወንበሩ ትከሻዬን አጥብቆ አግኝቶኝ ነበርና ለዚያ መሰለኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 25

ጎረቤታችን ወይዘሮ ኦፓል ጄንትሪ፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ከአንድ ማኅፀን ወጥቶ እንዴት እንዲህ ይደረጋል ብላ ቬርንን እስከ ሰባት ትውልዱ ረገመችው። እግዚአብሔር ያውቃል አልኳት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጀሶዬን መተላለፊያው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሰባኪው ወንድሙን ስለሸጠ ሰው ተናገረ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። የከብት መኖ የሚሸጠው ሰውዬ የሁለታችንን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ፣ የቬርንን ወገን በመቀስ ቆርጦ ምድጃ ውስጥ ከተተው አሉ።

ሥራው ሰምሯል ማለት ነው። እንደ እኛ አድርጎ የሚሠራው ማን አለ?

ኬኩን ግን ለኔልዳ ገፋሁላት።

ቅዳሜ፣ ማርች 3

የቅዳሜ ጠዋቱን ፕሮግራም በቴሌቪዥን አየሁ። ቬርን ብቻውን ቆሞ ተናገረ። ተሸክሜው ኖሬያለሁ አለ፤ ይሁን። እናታችን እኔን ነበር የምትወደው አለ፤ ይሁን፣ ሰው የሚናደድበት ነገር ነው።

ከዚያ ካሜራውን ትክ ብሎ አየና፣ ታላቅ ወንድሜ እኮ ስሙን አያነብም፣ ምግብ ቤት ገብቶ የምግብ ዝርዝር ገልብጦ የሚይዝ ሰው ነው አለ። የስቱዲዮው ሰው ሳቀ።

ይህን አልተባባልንም ነበር። ለሥራ ተብሎ የማይነካ ነገር አለ። ሚስት አይነካም፣ የሞተ ልጅ አይነካም።

ኔልዳ ተነሥታ ዘጋችው። ክፈቺው አልኳት። ሥራ ነው፣ ይደውልና ይቅርታ ይለኛል አልኳት።

ሰኞ፣ ማርች 5

አልደወለም። መስመሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ኔልዳን ስልኩን አንሥተሽ ስሚው አልኳት። ደህና ነው።

ዓርብ፣ ማርች 9

ይህን ማስጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

ጠዋት በረንዳ ላይ ነበርኩ። ሌሊቱን የወረደው በረዶ እንደ መስታወት ሆኗል። ወይዘሮ ኦፓል ፖስታዋን ልታይ ስትወጣ ተንሸራትታ በጀርባዋ ወደቀች። ከእኔ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ጮኸች፤ መጮኽ እንኳ አይደለም፣ ቃተተች። መኖ ሻጩ መኪናውን ከማዶ አቁሞ ነበር፤ ከሱቁ የሚወጡ ሰዎችም ነበሩ። ተነሥቼ ብሮጥ ሁሉም ያየኛል።

ቆምኩ። ክራንቹን ያዝኩ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ እንደ ሽባ። ደረጃው ላይ ሳልደርስ መኖ ሻጩ ሮጦ አነሣት። የእጇ አንጓ ተሰብሯል።

ስትወሰድ ወደ እኔ ዞራ፣ አንተ ደግሞ በዚህ እግርህ እንዳትወድቅ፣ ግባ አለችኝ።

ዐርባ ኪሎ የማትሞላ አሮጊት በረዶ ላይ ተኝታ እኔ የምጠብቀው የቬርንን ምስጢር ነው። ኔልዳ አጎንብሳ ትጽፋለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ማርች 17

ቬርን በቴሌቪዥን ሁለት ወጣቶች ይዞ ቀረበ። አንዱ ያ ፕሩዊት ነው። አረንጓዴ ጃኬት ለብሰዋል። የአጎቴ ልጆች ናቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ካልደር ማለት እነዚህ ናቸው አለ። ጃኬቱ ልክክ ብሎባቸዋል፣ ሆዳቸው ላይም ይዘጋል።

ስለ ፋሲካ አንድም ቃል የለም።

“ያንተን ስም አላነሡም፣ አባዬ።”

“የሚነሣበት ጊዜ አለው። ነገር ቀስ ተብሎ ነው የሚበስል። አንቺ ይህን ሥራ አታውቂውም።”

“ስልክ ልደውል?”

አይሆንም አልኳት። የሚጠበቅ ሰው አይደውልም።

ሐሙስ፣ ማርች 22

ደወልኩ። የዳዋይት ጸሐፊ ወጥቷል አለችኝ። ከሰዓት ደወልኩ፣ ወጥቷል። ኋላ ስደውል፣ ከጀርባዋ የራሱ ድምፅ፣ ወጥቷል በይው ሲል ይሰማ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 25

ጀሶው ሥር እግሬ ይበላኛል። በኔልዳ የሹራብ መሥሪያ ሽቦ እያከኩ ነው የምውለው። ድሮ ጭኔን የሚነክሰው ጀሶ አሁን እጄን ያስገባል፤ ሥጋው አልቋል።

ኔልዳ ዛሬ መጋዝ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ልፍታው፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ማን ያይሃል አለችኝ። ማንም። ቢሆንም ሕጉ ሰው ሲያይ ብቻ አይደለም። ቬርን ድሮ ሐሰተኛ የአንገት ማሰሪያ አድርጎ አንድ ወር ሲተኛ፣ በገዛ ሚስቱ ፊት አውልቆት አያውቅም። ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ ሾርባ የማመላልስለት። በጓሮ፣ ሰው እንዳያየኝ ጎንበስ እያልኩ፣ በየቀኑ።

የእኛም ቤት ጓሮ ከመንገድ አይታይም። አጥሩም ዝቅተኛ ነው። መምጣት የፈለገ ይመጣበታል።

ሥራ በዝቶበት ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 3

ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። ኔልዳ ቆማ አነበበችው። ተቀመጪና እንደገና አንብቢው አልኳት።

የሚለው እንዲህ ነው። አገልግሎቴ ፌብሩዋሪ 19 ቀን አብቅቷል። በእጄ ያለውን አረንጓዴ ጃኬት በአሥር ቀን ውስጥ እንድመልስ። በርል ካልደር በሚለው ስም ከእንግዲህ በአደባባይ እንዳልቀርብ፣ እንዳልፈርም። ይህም በፈረምኩት ወረቀት በአምስተኛው አንቀጽ መሠረት ነው።

አምስተኛው።

ኔልዳ ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሬ ነበር፣ መናገር ነበረብኝ ብላ አለቀሰች። አንቺ ምን አደረግሽ አልኳት። ማጥፋትስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዓይን አልነበረኝምና የሰው ዓይን ተዋስኩ።

ቬርን ቤት ደውዪና ድንጋይ ካባው ጋ ይምጣ በይው አልኳት። ካባው የት እንደሆነ ያውቃል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 8

ዓርብ ተገናኘን። ካባው ከከተማ ውጪ ያለ የተተወ የድንጋይ ካባ ነው። ድሮ የሪንጉ ጥሩዎች በአንድ መኪና፣ የሪንጉ ክፉዎች በሌላ እየሄድን፣ ሰው ሳያየን ሲጋራና ዳቦ የምንካፈለው እዚያ ነበር። ኔልዳ ነዳችልኝ። እሱ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ከመኪናው ወረደ። የኋላው ወንበር ላይ ብርድ ልብስና ትራስ አየሁ።

“አምስተኛውን አንብብልኝ” አልኩት።

ወረቀት አላወጣም። በቃሉ ነው ያለው። “ካልደር የሚለው ስምና ጃኬቱ የኩባንያው ነው። ኩባንያው በፈለገው ቀን ለፈለገው ይሰጠዋል።”

“ሳሉ ለቀቀህ ማለት ነው።”

ባርኔጣውን አወለቀና፣ “ብነግርህ ትፈርም ነበር?” አለኝ።

“አልፈርምም።”

“አየህ። አንተ ካልፈረምክ እኔንም አይወስዱኝም። ዳዋይት የፈለገው ሰው የሚጠላውን አንድ ሰው ነው። ለዚያ ደግሞ የሚካድ ወንድም ያስፈልጋል። አንተ ቤት አለህ፣ ኔልዳ አለችህ። እኔ መኪና ውስጥ ነው የምተኛው በርል። ሚስቴም ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ኔልዳ የምትደውልበት ቁጥር የነዳጅ ማደያው ነው።”

“ቤቴ ትርፍ አልጋ ነበረ” አልኩት። “ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

ፊቱን ወደ ድንጋዮቹ አዞረ። ፋሲካስ አልኩት። ፋሲካ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም አለኝ፤ ያን ቀን ቢሮው ውስጥም ያውቅ ነበር። ማንበብ አለመቻሌን ለምን ለሕዝብ አወጣህ አልኩት። ዳዋይት የሚያቃጥል ነገር ፈልግ አለኝ፣ ሌላ አልመጣልኝም አለ።

ልሄድ ስዞር ክንዴን ያዘኝ። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ማርበሪ ና፣ ለማንም አልናገርም አለ። ከሕዝቡ መሐል ተነሥተህ ውጣ፣ በክራንቹ ምታኝ፣ እደማልሃለሁ። እንደ ሞተ ሰው እወድቅልሃለሁ። ዳዋይት ሰው ፊት ሊያስቆምህ አይችልም። በቀልህን ታገኛለህ።

ክንዴን የያዘበት እጁ ለስላሳ ነበር፤ እንደ ሙያችን። ጠንክሮ ቢይዘኝ ይሻለኝ ነበር።

እሺም እምቢም አላልኩትም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 12

ጃኬቱን የምመልስበት ቀን ነገ ነው። ኔልዳ እንዳትልኪው አልኳት። ቁልፎቹን ወደ ዳር አዛውራ ሰፋችልኝ። አሁን ይዘጋል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 17

ትናንት ማርበሪ አዳራሽ ገባሁ። እንደ ማንኛውም ሰው በትኬት፣ በፊት ለፊት በር። ካፖርት ደርቤ ሦስተኛ ረድፍ ዳር ላይ ተቀመጥኩ፣ ኔልዳ አጠገቤ። ቬርንና ሁለቱ ወጣቶች በመጨረሻ ገቡ። ሰዉ በለውዝ ቅርፊት ይደበድባቸዋል።

መጀመሪያ ያየችኝ አንዲት ሴት ናት። ስሜን ጠራች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ጠራው፣ ያን ኩባንያው የወሰደውን ስም። ተነሣሁ። ካፖርቴን ለኔልዳ ሰጠሁ። ጃኬቱን ሲያዩ ጣሪያው የሚወርድ መሰለ። ዳዋይት ከኮሪደሩ በር ላይ አየኝ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ሕዝብ መሐል ምን ሊያደርግ?

ሰዎች ተሸክመው ሪንጉ ላይ አወጡኝ። ፕሩዊት ወደ እኔ መጣ፤ ዓይኔን አየና በራሱ ጊዜ ወረደ። ሌላው ተከተለው። ቬርን ለብቻው ቀረ። በጉልበቱ ወድቆ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሰው እንደሚያየው ይለምነኛል። ከዚያ አንገቱን ሰበረና ማጅራቱን ሰጠኝ። የት መመታት እንዳለበት እንኳ አስተካክሎልኛል።

“አሁን” አለኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ክራንቹን አነሣሁ። ሦስት ሺህ ሰው ስበረው ይላል።

ቀስ አድርጌ ብመታው፣ ሥራ ነው፤ ሁለታችንም ተስማምተን የሠራነው ሌላ ውሸት ነው፣ ዕዳውን ከፍያለሁ ብሎ ተኝቶ ያድራል። የምሬን ብመታው፣ የታመነን ማጅራት የመታሁ እኔ እሆናለሁ። ያ መዳፍ ስንት ዓመት የእኔን ማጅራት ይዟል። ሁለቱም ለእኔ አልሆነም።

ክራንቹን አወረድኩ።

“ምታኝ እንጂ በርል” አለኝ። ድምፁ ተለውጧል። የእኛ ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው ይህን ነው፤ ለመውደቅ ተዘጋጅቶ የሚጥለው ሰው ማጣት። ክራንቹን ብብቴ ሥር መለስኩት። አዳራሹም ቀስ በቀስ ዝም አለ። የልጅ ሳል ይሰማ ነበር። ሁለተኛ ምታኝ አለኝ፤ አሁን የምሩን ነው የለመነው።

ጃኬቱን ቁልፍ በቁልፍ ፈታሁት። በገዛ እጄ አወለቅኩት። ሬሳ እንደሚሸፈን ከራሱ ጀምሬ አለበስኩትና ገመዱን ይዤ ወረድኩ። ማንም አልነካኝም፤ መንገድ ለቀቁልኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ስሄድ ሰዎች ያለቅሱ ነበር። ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባኝም። እስከ መኪናው ድረስ አነከስኩ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰው ባይኖርም።

ዛሬ ጠዋት ስምንቱ ሳምንት ሞልቷልና ኔልዳ ጀሶውን በመጋዝ ፈታችው። እግሬ ነጭና ቀጭን ሆኖ ወጣ። ልቆም ስል እውነትም አልይዝ አለኝ። እንዲሁ እንደተቀመጥኩ ወይዘሮ ኦፓል ገባች። ማርበሪ ነበረች፤ በዚያ እጇ ሰው ለምና ሄዳለች። እግሬን አየችና በደህና እጇ ዳሰሰችው።

“ምስኪን፣ እንዴት አድርጎ ሰብሮህ ነበር” አለችኝ። “አንተ ግን ወንድምህን በሰው ሁሉ ፊት ይቅር አልከው። ልብስህን አውልቀህ አለበስከው። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ሰባኪው እሑድ ስለ አንተ ነው የሚናገረው።”

እንባዋ ይወርዳል።  የሙያውን ምስጢር ለሠላሳ ዓመት ጠብቄ ለእሷ ብዬ አላወጣውም። እጇን ጨበጥኳት፣ ለስለስ አድርጌ። ኔልዳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

አሁን ሄዳለች። ኔልዳ፣ ይህን ጻፊ። እነሱ ያዩት የእነሱ ነው፤ ይያዙት።

ይቅር አላልኩትም።